ጨዋታ ምን ያስተምራል? የታብሌትና የስልክ ትምህርት አቅምና ገደብ

የማላዊ መንግሥት በመላ አገሪቱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት ንባብና ሒሳብን በታብሌት ጨዋታ እንዲለማመዱ የሚያደርግ ብሔራዊ መርሐ ግብር እያስፋፋ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ስድስት ሺህ ገደማ ናቸው። ልጆቹ ተራ እየጠበቁ በቀን ለአጭር ጊዜ ታብሌት ይይዛሉ፤ በቺቼዋና በእንግሊዝኛ የሚያናግራቸውን ‹ዋንኮርስ› የተባለ ሶፍትዌር እየነካኩ ፊደል ይለያሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይደምራሉ። ባትሪው በፀሐይ ኃይል ይሞላል፤ ትምህርቱን ለመከታተል ኢንተርኔት አያስፈልግም።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩ ወዲያው በሁለት ጎራ ይከፈላል። ለአንዱ ወገን ታብሌት የመምህርና የመጽሐፍ እጥረትን በአንዴ የሚዘል አቋራጭ ነው። ለሌላው ደግሞ ስክሪን ልጅን የሚያፈዝ፣ ጨዋታም ከቁም ነገር የሚያዘናጋ ነገር ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ መሣሪያው ሲሆን ልጁ በመሣሪያው ላይ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ያለፉት ሃያ ዓመታት ሙከራዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን ውጤታቸውን የወሰነው ይኸው ጥያቄ ነው። ጨዋታ የሚያስተምረው ተጫዋቹ ለማሸነፍ ሲል ደጋግሞ የሚሠራውን ድርጊት ነው። ድርጊቱ ማንበብ ከሆነ ማንበብ ይለመዳል፤ ስክሪን መነካካት ከሆነም መነካካት ይለመዳል።

ከወንጪ እስከ ታንጋ

ነገሩን እስከ ማላዊ ያደረሰው መንገድ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል። በ2012 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ‹አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ› የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮች፣ አንዱ በወንጪ፣ ሌላው በስምጥ ሸለቆ በወለንጪቲ፣ ለሕፃናት ታብሌት አደለ። መምህር አልተመደበም፤ ማብራሪያም አልተሰጠም። ለአዋቂዎች የታየው በፀሐይ ኃይል ባትሪ መሙላት ብቻ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት ልጆቹ የታሸገውን ካርቶን በደቂቃዎች ውስጥ ከፍተው ማብሪያውን አገኙ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛውን የፊደል መዝሙር መዘመር ጀመሩ፤ በአምስት ወር ደግሞ እንዳይሠራ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት።

ታሪኩ ዓለምን ዞረ፤ ከተነገረበት ድምቀት ጋር ሲነጻጸር ግን ማስረጃው ስስ ነበር። ምስክሩ የሥራው ባለቤት ራሱ ነው። ለንጽጽር የተያዘ ሌላ መንደር አልነበረም። የፊደል መዝሙር መዘመርም፣ ያውም ልጆቹ በማይናገሩት ቋንቋ፣ ማንበብ አይደለም። ከሁሉ በላይ ልጆቹ ያሳዩት ብልሃት መሣሪያውን የመቆጣጠር ብልሃት ነበር። ወራቱን ሙሉ የታገሉት ከመሣሪያው ጋር ነበርና የሠለጠኑትም በእሱ ላይ ነው። ይህ የልጆቹን ንቃት አያሳንስም፤ ስለ ንባብ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው።

የዚሁ ድርጅት ላፕቶፖች በፔሩ ያስገኙት ውጤት በጥንቃቄ ተለክቷል። በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ የተካሄደውና በ2012 ይፋ የሆነው ጥናት ከ15 ወራት በኋላ በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ፈተና ለውጥ አላገኘም። የኮምፒውተር ቁጥር ወደ አሥር እጥፍ ገደማ አድጎ ከአንድ ተማሪ አንድ በላይ ደርሶ ነበር፤ ልጆቹም በእርግጥ ይጠቀሙበት ነበር። የሚሠሩበት ነገር ግን ከሚማሩት ትምህርት ጋር የሚያገናኘው ክር አልነበረውም። በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎች ላይ ጥቂት መሻሻል መታየቱን ጥናቱ አልሸሸገም።

ከዚያ በኋላ አስተሳሰቡ ተቀየረ። የኢትዮጵያውን ሙከራ ከመሩት አንዱ የነበሩት ማት ኬለር ‹ኤክስፕራይዝ› በ2014 ያወጀውን የ15 ሚሊዮን ዶላር ውድድር መምራት ያዙ። ጥያቄው አሁን መሣሪያን ማደል መሆኑ ቀርቶ ልጅ በራሱ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት የሚማርበትን ሶፍትዌር መሥራት ሆነ፤ ቋንቋውም ልጆቹ የሚናገሩት ስዋሂሊ እንዲሆን ተወሰነ። ለፍጻሜ የደረሱት አምስት ሶፍትዌሮች በታንዛኒያ ታንጋ ክልል ወደ 170 በሚጠጉ መንደሮች፣ ወደ 2,700 በሚጠጉ ልጆች እጅ ለ15 ወራት ተፈተኑ። አብዛኞቹ ልጆች የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም ነበር። በአዘጋጁ መግለጫ መሠረት ሲጀመር ከ90 በመቶ በላይ የሆኑት አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ በመጨረሻው ይህ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። በ2019 ሽልማቱን የእንግሊዙ ‹ዋንቢሊየን› እና ‹ኪትኪት ስኩል› አምስት አምስት ሚሊዮን ዶላር ተካፈሉት። ዛሬ በማላዊ የሚሠራው ሶፍትዌር የዋንቢሊየን ነው።

የታንጋው አኃዝ ከሁለት ወገን ይነበባል። ያለ መምህር በ15 ወር ይህን ያህል ልጅ ቃላት ማንበብ መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ግማሽ ያህሉ አሁንም ምንም አያነብቡም፤ ቃል ማንበብ የቻለውም ቢሆን ገና ጽሑፍ አንብቦ የሚረዳ አልሆነም። ማላዊ ሶፍትዌሩን ወስዳ ‹ያለ መምህር› የሚለውን ሐሳብ የተወችው ያለ ምክንያት አይደለም። ታብሌቱ ወደ ትምህርት ቤት ገባ፤ ሰዓት ተመደበለት፤ የሚያስከፍትና የሚያስቀምጥ አዋቂ ተመደበለት።

ማላዊን ያበረታታ አንድ ቀደምት ጥናትም አለ። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲዋ ኒኮላ ፒችፎርድ በ2015 ባሳተሙት፣ በማላዊ በተካሄደ ጥናት ልጆች በሦስት ተመደቡ፦ ገሚሶቹ በታብሌት የሒሳብ ጨዋታ፣ ገሚሶቹ በታብሌት ከሒሳብ ውጪ የሆነ ጨዋታ ተጫወቱ፣ የቀሩት በተለመደው ክፍል ተማሩ። ከስምንት ሳምንት በኋላ በሒሳብ ብልጫ ያሳዩት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሁለተኛው ምድብ ባይኖር ኖሮ ‹ልጆቹን ያነቃቃቸው አዲስ ዕቃ መያዛቸው ነው› የሚል ሰው መልስ አያገኝም ነበር። ብዙ የትምህርት ቴክኖሎጂ ጥናቶች የሚጎድላቸው ይህ ምድብ ነው።

ጨዋታ በምን ያስተምራል

ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል አንድ መምህር ለስልሳው የተለያየ ጥያቄ አቅርቦ፣ የስልሳውን መልስ በዚያው ቅጽበት ማረም አይችልም። ታብሌት ይህን ይችላል። ጨዋታው ያለው ዋነኛ ብልጫም ከሥዕሉና ከሙዚቃው ይልቅ እዚህ ላይ ነው፦ የተሳሳተ መልስ ተሳስቶ ሳያድር ይታረማል፤ ከባዱ ጥያቄ ላቃተው ልጅ ቀለል ያለ ይቀርባል፤ የተረሳው ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ሳይኖር ሲቀር ምን እንደሚሆን የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አይተውታል። ከ2004 ጀምሮ በክፍሎች የተተከለው ፕላዝማ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በእንግሊዝኛ ያቀርብ ነበር። በሥዕልና በቤተ ሙከራ ማሳያ ረገድ ብዙ ትምህርት ቤቶች ያላዩትን አመጣ። ነገር ግን ፕላዝማው አይጠይቅም፣ ቢጠይቅም መልሱን አይሰማም፣ የዘገየውን አይጠብቅም። መምህሩ መሐል ገብቶ ሲያስረዳ ትምህርቱ ያመልጣል፤ ዝም ሲል ደግሞ ያልገባው ልጅ እንዳልገባው ይቀራል። ቴክኖሎጂው ውድና ዘመናዊ ነበር፤ ተማሪው ግን ከማየትና ከመገልበጥ ያለፈ የሚሠራው አልተሰጠውም።

በተቃራኒው ያለው ማስረጃ ከዴልሂ ይመጣል። ካርቲክ ሙራሊዳራን፣ አቢጂት ሲንግ እና አሌሃንድሮ ጋኒሚያን በ2019 ያሳተሙት ጥናት ከ6ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት ውጪ ‹ማይንድስፓርክ› በተባለ ሶፍትዌር ሲማሩ ተከታተለ። ከአራት ወር ተኩል በኋላ ዕጣ የደረሳቸው ተማሪዎች ካልደረሳቸው በሒሳብ በ0.37፣ በሂንዲ በ0.23 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በለጡ፤ ለእንዲህ ያለ አጭር ጊዜ ትልቅ ልዩነት ነው። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ብዙዎቹ ተማሪዎች ከተቀመጡበት ክፍል ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የቀሩ ነበሩ። መምህሩ የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ሲያስተምር ሶፍትዌሩ ልጁ በእርግጥ ካለበት፣ ለምሳሌ ከ4ኛ ክፍል ማካፈል፣ ይጀምርለት ነበር። ልጆቹ በዚያው ማዕከል በትንንሽ ቡድን የሰው እገዛም ያገኙ እንደነበር መታወስ አለበት፤ ውጤቱ የሶፍትዌሩ ብቻ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

ተደጋጋሚ ጥያቄ በራሱ ያለው ኃይልም የተረጋገጠ ነው። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 እንዳሳዩት አንድን ጽሑፍ ደግሞ ከማንበብ ይልቅ ዘግቶ ለማስታወስ መሞከር ከሳምንት በኋላ የሚቀረውን ዕውቀት ይጨምራል። ጥሩ ጨዋታ ተጫዋቹን ያለማቋረጥ የሚያስገድደው እንዲያስታውስ ነው፤ ያውም ፈተና ላይ ያለ ሳይመስለው።

ኮከብ፣ ነጥብና ደረጃ የሚሰጠው የጨዋታ ልባስ ግን መጠንቀቅ ይፈልጋል። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪን እና ሪቻርድ ኒስቤት በ1973 ባሳተሙት ዝነኛ ሙከራ በቀለም መሳል የሚወድዱ ሕፃናት ‹ብትስሉ ሽልማት አለ› ተብለው ከተሸለሙ በኋላ፣ ሽልማቱ ሲቀር ለመሳል የነበራቸው ፍላጎት ቀነሰ። ሽልማት ልጁ ያለዚያ በማይነካው አሰልቺ ልምምድ ላይ ሲውል ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ልጁ አስቀድሞ በሚወደው ነገር ላይ ሲደረብ ግን ፍቅሩን ወደ ሥራ ይለውጠዋል። ሌላም ወጥመድ አለ። ሦስት ሥዕል አቅርቦ አንዱን ንካ የሚል ጨዋታ ልጁ ምንም ሳያውቅ ከሦስት አንዴ ትክክል እንዲሆን ይፈቅድለታል። ስህተት ምንም ካላስከፈለ ጎበዝ ልጅ ማሰቡን ትቶ በፍጥነት መነካካትን ይመርጣል፤ ስሌቱም ትክክል ነው፣ ጨዋታው የሸለመው ፍጥነትን ነውና። በገበያ ላይ ‹ትምህርታዊ› ተብለው ከሚቀርቡት ነጻ ጨዋታዎች ብዙዎቹ የሚወድቁት በዚህ ነው።

ችግር የመፍታት ችሎታ ይሻገራል?

የትምህርት ጨዋታ ሻጮች ከንባብና ከሒሳብ አልፈው የሚገቡት ትልቅ ቃል አለ፦ ጨዋታው አእምሮን ያነቃል፣ ችግር መፍታትን ያስተምራል፣ በአንዱ የተገኘው ብልሃት በሌላው ይሠራል ይላሉ። ማስረጃው እጅግ የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው።

በእንግሊዝ በ100 ትምህርት ቤቶች የተካሄደና በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት ልጆች ለአንድ ዓመት በትምህርት ሰዓት ቼዝ ተምረው ሲያበቁ፣ ከዓመት በኋላ በሒሳብ ፈተና ካልተማሩት የተለየ ውጤት እንዳላመጡ አገኘ። ሰንጠረዥ የተባለው የአገር ቼዝ የነገሥታትና የመኳንንት ጨዋታ በነበረባት ኢትዮጵያ ይህ ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ቼዝ የተማረ ቼዝ ይችላል፤ ክፍልፋይ ለመቻል ክፍልፋይ መማር አለበት። በ2010 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው የአድሪያን ኦወን ጥናት ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች ለስድስት ሳምንት የአእምሮ ማሠልጠኛ ጨዋታ ሲጫወቱ ተከታትሎ፣ በተለማመዱት ጨዋታ እጅግ መሻሻላቸውን፣ ወደ ሌላ ችሎታ ግን አለመሻገሩን አሳየ። ‹ሉሞሲቲ› የተባለው የእንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ሻጭ በ2016 ማስታወቂያው ተጠቃሚዎችን አሳስቷል በሚል ክስ ለአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህ ተነስቶ ጨዋታ ከንቱ ነው ማለት ግን ስህተት ይሆናል። ሮበርት ሲግለር እና ጊታ ራማኒ በ2008 ያሳተሙት ሥራ እጅግ ቀላል በሆነ የገበታ ጨዋታ ላይ የተመሠረተ ነው። ከአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ሕፃናት ከ1 እስከ 10 በተርታ በተጻፉበት ገበታ ላይ ጠጠር እያራመዱ፣ የሚረግጡትን ቁጥር ጮክ ብለው እየጠሩ ተጫወቱ። ሌሎቹ በዚያው ገበታ ተጫወቱ፤ በቁጥር ፈንታ ግን ቀለም ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ በተከፋፈለ የአንድ ሰዓት ያህል ጨዋታ የቁጥሩ ቡድን በመቁጠር፣ ቁጥር በመለየትና የቱ እንደሚበልጥ በማወቅ በጉልህ ተሻሻለ፤ የቀለሙ ቡድን ባለበት ቀረ። ኋላ ቁጥሮቹ በክብ ሲደረደሩም ጥቅሙ ቀነሰ። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ደስታ፣ አንድ ዓይነት ጊዜ፤ የተለየው የልጁ እጅና አእምሮ የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ከቁጥር አደራደር ጋር መመሳሰሉ ብቻ ነው። ባትሪ የማይፈልገው ገበጣ ልጅን በየጉድጓዱ ጠጠር እየቆጠረ፣ የሚያልቅበትን ጉድጓድ አስቀድሞ እያሰላ እንዲጫወት ማስገደዱ በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። አንድ ትምህርት ቤት ታብሌት እስኪመጣለት ገበጣን በ1ኛ ክፍል ሒሳብ ውስጥ ቢያስገባ የሚከስረው ነገር የለም።

ጨዋታና ከፍተኛ ችግር መፍታት በእውነት የተገናኙበት ምሳሌ ‹ፎልዲት› ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ያወጡት ይህ የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫዋቹ የፕሮቲንን ሞለኪውል በስክሪን ላይ እያጣጠፈ የተሻለ ቅርጽ ሲያገኝ ነጥብ ይሰጠዋል። በ2011 ተጫዋቾቹ፣ አብዛኞቹ የሥነ ሕይወት ትምህርት የሌላቸው፣ በጦጣዎች ላይ ኤድስ መሰል በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ የሚጠቀምበትን አንድ ኢንዛይም ቅርጽ በሦስት ሳምንት ውስጥ አገኙ፤ ሳይንቲስቶችን ከአሥር ዓመት በላይ ሲያስቸግር የቆየ ነበር። ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ ዴቪድ ቤከር በ2024 በፕሮቲን ንድፍ ሥራቸው የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ፎልዲት የተሳካለት ለሌላ ችግር ማሟሟቂያ ስላልሆነ ነው። ጨዋታው ራሱ ችግሩ ነው፤ የሚሰጠው ነጥብም የእውነተኛው መፍትሔ መለኪያ ነው። ‹ችግር መፍታትን ያስተምራል› የሚባል ማንኛውም መተግበሪያ መጠየቅ ያለበት ‹የትኛውን ችግር?› ተብሎ ነው።

ፊደል በስክሪን ላይ

በላቲን ፊደል ለሚያነቡ ልጆች የተሠሩ ጨዋታዎች ድምፅን ነጥሎ ከድምፅ ጋር በማጋጠም ላይ ያተኩራሉ። በግዕዝ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛል፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲዘረጉ ዲቃሎቹን ሳይጨምር 231 ቅርጽ ይሆናሉ። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ጨዋታ ሥዕሉን እንዳለ ወስዶ ድምፁን በአማርኛ መተካት አይበቃም። ልጁ ሁለት ነገር በየፈርጁ መልመድ አለበት፦ የፊደሉን ግንድ መለየትና በግንዱ ላይ የሚጨመረው ምልክት የትኛውን ቤት እንደሚያመለክት ማየት። ካዕቡን ከጎኑ በወጣው ቅጥያ፣ ሳልሱን ከእግሩ ሥር ባለው የሚያውቅ ልጅ አዲስ ፊደል ሲመጣበት ገሚሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ እንደ ሩ እና ሪ ያሉትን ወጣ ያሉ ቅርጾች ግን ለብቻ መልመድ ይኖርበታል። መጥበቅና መላላት በጽሑፍ ስለማይታይም ትክክለኛ የሰው ድምፅ ከጽሑፉ እኩል ያስፈልጋል።

የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ከጥንት ያውቀዋል። በዜማ ሀ ሁ ሂ የሚል ልጅ ቅርጹን ሳያይ ተርታውን በቃሉ ሊወጣ ይችላል። አቡጊዳ ተርታውን የሚያፋልሰው፣ ዜማው የደበቀውን አለማወቅ እንዲያወጣ ነው። የዛሬ የፊደል መተግበሪያዎች ብዙዎቹ ከዚህ ወደ ኋላ የቀሩ ናቸው፦ ፊደሉን በተርታ ያሳያሉ፣ ድምፁን ያሰማሉ፣ ያልፋሉ። ልጁ ምንም አልተጠየቀም።

ሁለተኛው እንቅፋት ዋጋ ነው። ማላዊ በቺቼዋ አንድ ጊዜ የሠራችው ይዘት እጅግ ብዙ ልጆች ጋ ይደርሳል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በበርካታ ቋንቋዎች ይሰጣል፤ ገሚሶቹ በግዕዝ፣ ገሚሶቹ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። በእያንዳንዱ ቋንቋ ታሪክ መጻፍ፣ ድምፅ መቅዳት፣ የጥያቄውን ደረጃ በልጆች ላይ ፈትሾ ማስተካከል ከዜሮ የሚጀመር ሥራ ነው። በቴሌቪዥን የታየው ‹ፀሐይ መማር ትወዳለች› ለሕፃናት የሚመጥን ይዘት በአገር ቋንቋ ማዘጋጀት እንደሚቻል አሳይቷል። የሚጎድለው የሚጠይቅና መልስ የሚቀበል ይዘት ነው።

በውጭ አገር ለሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ታብሌት ሞልቷል፤ የታጣው በአማርኛ የሚያወራው እኩያ ነው። መተግበሪያ ፊደሉን ያስለይ ይሆናል፤ ልጁ በፊደሉ የሚጽፍለት ሰው ከሌለ ግን ከዚያ አይራመድም።

የቤተሰቡ ስልክ

ታብሌት ትምህርት ቤት ይገዛል፤ ስልክ ግን ቤት ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜም አንድ ነው፤ ቀን ቀን አባት ወይም እናት ይዘውት ይወጣሉ፣ ማታ ባትሪው ያልቃል። ለልጅ ትምህርት የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚገርመው ማስረጃ ጨዋታም ስማርትፎንም ያልነበረበት ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በቦትስዋና ከ4,500 በላይ ቤተሰቦች ላይ ሙከራ ተደረገ። ገሚሶቹ በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በጽሑፍ መልእክት ደረሳቸው፤ ሌሎቹ መልእክቱ ደርሷቸው መምህር ለጥቂት ደቂቃ ደወለላቸው። በ2022 የታተመው ውጤት መልእክት ከነጥሪው የልጆቹን ችሎታ በ0.12 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማሻሻሉን፣ ለብቻው የተላከው መልእክት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አለማምጣቱን አሳየ። ደዋዩ መምህር ከልጁ ጋር በቀጥታ ይነጋገር ነበር፤ ከልጆቹ ለከፊሎቹም የሚቀጥለው ጥያቄ ልጁ ባለበት ደረጃ ልክ ይደረግ ነበር። የዴልሂው ሶፍትዌር በኮምፒውተር ያደረገውን የቦትስዋናው መምህር በድምፅ አደረገው።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል

ታብሌት ሲገዛ የሚታየው የዕቃው ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰበር ስክሪን፣ የሚያረጅ ባትሪ፣ የሚሰረቅ የፀሐይ ሰሌዳ፣ የሚቆለፍ ክፍልና የሚጠግን ሰው ይመጣል፤ በየጥቂት ዓመቱም ሁሉም እንደ አዲስ መገዛት አለበት። የውጭ ምንዛሪ በሚያጥርበት አገር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ለጋሽ የመጀመሪያውን ግዢ ይወዳል፤ የአምስተኛውን ዓመት ጥገና የሚወድ አይገኝም። የታብሌት መርሐ ግብሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቱት እዚህ ነው።

ነጻ የሚመስለው ሌላው መንገድ የራሱ ዋጋ አለው። ከማስታወቂያ ገቢ የሚያገኝ ጨዋታ ልጁ እንዲማርና እንዲዘጋው ሳይሆን እንዳይዘጋው ይፈልጋል። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2022 ባወጣው ምርመራ፣ በወረርሽኙ ጊዜ 49 መንግሥታት ከመከሯቸው 164 የትምህርት ቴክኖሎጂ ምርቶች 89 በመቶው የልጆችን የግል መረጃ አደጋ ላይ የሚጥል አሠራር እንደነበራቸው አመልክቷል። የትምህርት ሚኒስቴሮች መተግበሪያ ሲመርጡ ይህን የሚመረምር ባለሙያ እምብዛም የላቸውም። ዩኔስኮ በ2023 ሪፖርቱ ከጠቀሳቸው አኃዞች አንዱም በእንግሊዝ ካሉ የትምህርት ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በዕጣ በተመደበ የንጽጽር ጥናት ምርታቸውን የፈተኑት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸው ነው።

የመምህሩ ጉዳይም አለ። ታብሌቱ ልምምዱን ሲይዝለት መምህሩ ወደ ኋላ የቀሩትን ለይቶ የሚያግዝበት ጊዜ ያገኛል፤ ይህ በጎው መንገድ ነው። ሁለተኛው መንገድ በፕላዝማ ዘመን የታየው ነው፦ መምህሩ የመሣሪያ ጠባቂ ይሆናል። የትኛው እንደሚከተል የሚወሰነው ሶፍትዌሩ የልጁን ስህተት ለመምህሩ በሚገባው መልክ ማሳየት በመቻሉና መምህሩ ያን አይቶ ምን እንደሚያደርግ በመሠልጠኑ ነው።

ወዴት ያመራል

የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው በኢትዮጵያ አሥር ዓመት አካባቢ ካሉ ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። እንዲህ ባለ አኃዝ ፊት የማላዊ መንገድ መሳቡ አይቀርም። የማላዊው ውጤት በአገር አቀፍ ደረጃ ሲለካ ከትንንሾቹ ሙከራዎች ያንሳል ብሎ መጠበቅ ይበጃል፤ በጥቂት መቶ ልጆች ላይ የሚደረግ ክትትል በስድስት ሺህ ትምህርት ቤቶች አይደገምምና። ቢያንስም ግን፣ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ፊደል ለይቶ ቃል ማንበብንና መደመር መቀነስን ያህል ጠባብ ዓላማ ከተያዘ፣ ከወጪው አንጻር የሚያዋጣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ለኢትዮጵያ ሦስት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው ይዘት ሳይኖር መሣሪያ በጅምላ መግዛት ነው፤ ለምረቃ ሥነ ሥርዓት ይመቻል፣ ፔሩና ፕላዝማ ግን መጨረሻውን አሳይተዋል። ሁለተኛው በሁለት ወይም በሦስት ቋንቋዎች፣ በጥቂት ወረዳዎች፣ ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ብቻ ይዘቱን ሠርቶ፣ ከሒሳብ ውጪ የሚጫወት ምድብ እንደነበረው እንደ ማላዊው ጥናት በሐቀኛ ንጽጽር ፈትኖ ማስፋት ነው። ይህ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ስለሚወስድ የፖለቲካ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከሁሉም የሚሻለውም እሱ ነው። ሦስተኛው ታብሌት ሳይጠብቅ ዛሬ ሊጀመር የሚችል ነው፦ መምህር በሳምንት አንዴ በተራ ስልክ የሚደውልበት፣ የቁጥር ገበታና ገበጣ በክፍል ውስጥ የሚገባበት አሠራር። ሁለተኛውን ለሚጠብቁ ትምህርት ቤቶች ሦስተኛው መሸጋገሪያ ይሆናል፤ ሁለተኛው ባይሳካም የሚቀር ጥቅም አለው።

ከፍ ላሉት ክፍሎች የሚጠበቀው ከዚህ ይለያል። የፊዚክስ ወይም የኬሚስትሪ ችግር ራሱን እንደ ፎልዲት ጨዋታ አድርጎ ማቅረብ ውድና አዳጋች ስለሆነ ጥቂት ርዕሶች ላይ ብቻ የሚሠራ ይሆናል። እስከዚያው በነዚያ ክፍሎች ሶፍትዌር በአስተማማኝነት የሚሰጠው የዴልሂውን ዓይነት ነው፦ ወደ ኋላ የቀረውን ተማሪ ካለበት ደረጃ አንስቶ፣ የጎደለውን ማካፈልና ክፍልፋይ እያለማመደ ወደ ክፍሉ ትምህርት ማስጠጋት።